የሕክምናው ገንዘብ ለአልጋ እንዳያልቅ፦ በባንኮክ ማረፊያ ስለ መፈለግ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በሂሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



ከመካከላችን የአንዷ እናት ወይም እህት «ለከፍተኛ ሕክምና ባንኮክ ትሂድ» ስትባል ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሜዲካል ቦርዱ ወረቀት ይወጣል። ዕድሩ ያዋጣል፤ ዕቁብ የደረሳት ሴት ዕጣዋን ትለቃለች፤ አሜሪካና ዓረብ አገር ያሉ ልጆች ይልካሉ፤ አንዳንዱም ቤተሰብ ወርቁን አውጥቶ ይሸጣል። ያ ሁሉ ገንዘብ ሲሰበሰብ በሰው ሁሉ ልብ ያለው ሆስፒታሉ ነው። «ምርመራው ስንት ነው? ኦፕራሲዮኑስ?» ይባላል። «የት ታድራላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እኛ የማኅበሩን መዝገብ የምንይዝ ሰዎች ከባንኮክ የተመለሱ አባላት ያመጧቸውን ደረሰኞች ስንደምር ግን አልጋው ጎልቶ ይወጣል። የአውሮፕላን ቲኬት አንዴ ይከፈላል፤ አልጋ በየማታው ይቆጥራል። ሐኪሙ «በሚቀጥለው ሳምንት ደግሜ ልያት» ባለ ቁጥር ሰባት አዳር ይጨመራል። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሽርሽር አይደለም። ለአልጋ ያለ አግባብ የወጣ ገንዘብ ከመድኃኒት የተቀነሰ ገንዘብ ነው።

ከተማይቱን ስለ ማወቅ

ባንኮክ በቀጥታ በረራ የሚደረስባት፣ ሰዓቷ ከእኛ በአራት ሰዓት የሚቀድም፣ በመኪና መጨናነቅ የታወቀች ትልቅ ከተማ ናት። እዚያ አንድ ሰፈር ቅርብ ወይም ሩቅ የሚባለው በኪሎ ሜትር ሳይሆን ባቡር በመኖሩና ባለመኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ የጀመረው ስካይትሬን የሚባለው ባቡር ከመንገድ በላይ በድልድይ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው ሌላው ባቡር አብዛኛው መስመሩ ከመሬት በታች ነው። ከጣቢያ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ያለ ክፍል በካርታ ቅርብ ከሚመስል፣ ባቡር ከማይደርስበት ክፍል ይሻላል።

ከእኛ አገር ከሚሄዱ ታካሚዎች ብዙዎቹ የሚያርፉት ሱኩምቪት በሚባለው ረጅም መንገድ ላይ፣ በናና ጣቢያ ዙሪያ ነው። ቡምሩንግራድ ሆስፒታል ያለው በዚያው፣ ሶይ 3 ውስጥ ነው። «ሶይ» ማለት ከዋናው መንገድ የሚገባ ቅያስ ነው። 1፣ 3፣ 5 እያሉ የሚሄዱት ቅያሶች በመንገዱ በአንድ ወገን፣ 2፣ 4፣ 6 የሚሉት በሌላው ወገን ናቸው። ሶይ 3 እና ሶይ 4 ፊት ለፊት ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። በሶይ 3 በኩል የዓረብ ምግብ ቤቶችና ፋርማሲዎች ይበዛሉ፤ በአካባቢው እንጀራም ይገኛል። ሶይ 4 መግቢያ ላይ ደግሞ እስከ ሌሊት ሙዚቃ የሚያሰሙ መጠጥ ቤቶች ተደርድረዋል። ስለዚህ አልጋ ስትይዙ «ናና አጠገብ» የሚለው አይበቃችሁም፤ የሶዩን ቁጥር እዩ።

ሁሉም ታካሚ ግን ናና አይሄድም። የመንግሥቱ ሲሪራጅ ሆስፒታል ከቻዎ ፕራያ ወንዝ ማዶ ነው። ቹላሎንግኮርን ሆስፒታል በሲሎም መንገድ አጠገብ፣ ባንኮክ ሆስፒታል በአዲሱ ፔቻቡሪ መንገድ በኩል ይገኛሉ። መጀመሪያ የሆስፒታሉ ስም፣ ቀጥሎ ሰፈሩ፣ በመጨረሻ አልጋው፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

በየአቅማችን

ባንኮክ ለሁሉም ኪስ የሚሆን አልጋ አላት። ዋጋው እንደ ወቅቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ቀጥሎ የምንሰጣቸውን ቁጥሮች እንደ መነሻ ብቻ ያዙልን።

ከ300 እስከ 500 ባት፦ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል የሚያድርበት የሆስቴል አልጋ ነው። ለሴቶች ብቻ የተለየ ክፍል ያላቸው፣ ንጹሕና ቁልፍ ያለው ሣጥን የሚሰጡ ሆስቴሎች አሉ። ለታካሚ አይሆንም፤ ብቻዋን ለሆነች አስታማሚ ግን ለጥቂት ቀን ይበቃል።

ከ600 እስከ 1,200 ባት፦ አነስተኛ ሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ። በስካይትሬን መስመር ላይ ባለው ኦን ኑት፣ በራቻቴዊና በፓያ ታይ ዙሪያ፣ ዩኒቨርሲቲ ባለበት በራምካምሄንግም ሰፈር ይገኛል። በእነዚህ ሰፈሮች ምግብም ረከስ ይላል። በየወሩ የሚከራዩ አፓርታማዎችም ብዙ ናቸው፤ ለወር ሲሆን የቀን ዋጋው በጣም ይወርዳል።

ከ1,500 እስከ 3,000 ባት፦ በናና ዙሪያ ያለ መካከለኛ ሆቴል፣ ወይም ትንሽ ማብሰያና ማቀዝቀዣ ያለው፣ ጽዳቱም የሚሠራለት አፓርታማ። ሁለት ሰው ሲሆን፣ አጥሚትና ሾርባ መሥራት ሲያስፈልግ ለሆቴል ከመክፈል እንዲህ ያለውን አፓርታማ መያዝ ይሻላል።

ከ4,000 ባት በላይ፦ ትልልቆቹ ሆቴሎች። አቅሙ ላለው መልካም ነው፤ በመዋጮ ለሚታከም ሰው ግን አንመክርም።

ለሦስት ጊዜ፣ ሦስት ዓይነት አልጋ

ዋናው ቁም ነገራችን እዚህ ላይ ነው። ሕክምና አንድ ወጥ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ የምርመራ ቀናት አሉ፤ ቀጥሎ ሆስፒታል ተኝቶ መታከም አለ፤ ከዚያ ማገገምና ቀጠሮ መጠበቅ ይመጣል። ለሦስቱም አንድ ዓይነት አልጋ መያዝ ገንዘብ ያባክናል።

በምርመራው ሳምንት ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስ ቦታ ያዙ፤ ወደድ ቢልም። ሂሳቡን እንየው። ራቅ ብሎ 700 ባት የሆነ ክፍል ይዘን በቀን ሁለት ጊዜ ብንመላለስ፣ አንዱ የታክሲ ጉዞ 150 ባት ቢሆን፣ ለአራት ጉዞ 600 ባት ይሆናል። ድምሩ 1,300 ባት ነው። ሆስፒታሉ አጠገብ 1,400 ባት ከተገኘ ልዩነቱ 100 ባት ብቻ ነው፤ ታካሚዋም በመኪና መጨናነቅ ውስጥ ከመንገላታት ትድናለች።

ታካሚዋ ስትተኛ ደግሞ ጠይቁ። በብዙዎቹ የግል ሆስፒታሎች የአንድ ሰው ክፍል ውስጥ ለአስታማሚ የሚሆን ሶፋ አልጋ አለ። ያን ጊዜ የሆቴሉ ክፍል ለሻንጣ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። አንዲት አባላችን እናቷን ይዛ ስትሄድ የወሩን ኪራይ አስቀድማ ከፈለች። እናቷ 11 ቀን ተኙ፤ እርሷም ከአጠገባቸው አልተለየችም። ክፍሉ በቀን 1,800 ባት ነበርና 19,800 ባት ማንም ላልተኛበት አልጋ ተከፈለ። ብዙ ሆቴሎች ደንበኛቸው ለሆነ ሰው ሻንጣ በአደራ ያስቀምጣሉ፤ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ይህን ሁሉ ገንዘብ ያድናል።

በማገገሚያው ጊዜ በየቀኑ ሆስፒታል መሄድ የለም። ስለዚህ ራቅ፣ ጸጥ፣ ረከስ ወዳለ ሰፈር መዛወር ይቻላል። ሠላሳ አዳርን ለምሳሌ እንውሰድ። ሁሉንም በ2,000 ባት ሆቴል ብናሳልፍ 60,000 ባት ነው። አራቱን አዳር በዚያው ሆቴል፣ ስምንቱን በሆስፒታሉ ሶፋ አልጋ፣ አሥራ ስምንቱን በ900 ባት ክፍል ብናደርገው 8,000 ሲደመር 16,200፣ ድምሩ 24,200 ባት ይሆናል። ለአምስት ቀጠሮ የደርሶ መልስ ታክሲ 2,000 ባት ብንጨምርበት 26,200 ነው። የተረፈው 33,800 ባት ለመድኃኒትና ለተጨማሪ ምርመራ ይሆናል።

ሐኪሙ «ትመለሳላችሁ» የሚለውን ቀን ማንም አስቀድሞ ስለማያውቅ የመጀመሪያውን አልጋ ከአራት ወይም ከአምስት አዳር በላይ አትያዙ። ያለ ቅጣት ሊሰረዝ የሚችለውን ምረጡ። ለቪዛ የምታቀርቡትም የሆቴል ማስረጃ እንዲሁ ሊሰረዝ የሚችል ይሁን።

ከዋጋው ጀርባ ያለው ዋጋ

ዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ 10 በመቶ የአገልግሎትና 7 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አልተደመረም ማለት ነው። 1,000 ባት የተባለው ሲከፈል 1,177 ባት ይሆናል። ስትደራደሩ «ሁሉንም ጨምሮ ስንት?» በሉ።

በወር ስትከራዩ የመብራትና የውሃ ሂሳብ ለብቻው ይታሰባል። የመብራቱን የአንድ አሃድ ዋጋ ጠይቁ፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው የሚተምኑት ብዙ ጊዜ ነው፤ ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን ሲሠራ ደግሞ ጉድ ያመጣል። ማስያዣ ይጠየቃል፤ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚመለስ ደረሰኝ ላይ ይጻፍ። ፓስፖርት ግን በማስያዣነት አይሰጥም። ያሳዩታል፣ ኮፒ ይደረጋል፣ ወዲያው ይመለሳል።

ከባንክ ማሽን በውጭ አገር ካርድ ገንዘብ ስታወጡ በእያንዳንዱ ጊዜ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል። አሥር ጊዜ ትንሽ ትንሽ ከማውጣት አንዴ በርከት አድርጎ ማውጣት ይሻላል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን በጀታችሁን በባት ሠርታችሁ በመጨረሻ ወደ ብር ለውጡት።

ወቅቱም ዋጋ አለው። ከኅዳር እስከ የካቲት ጎብኚ ይበዛል፣ አልጋ ይወደዳል። በሚያዝያ መጀመሪያ የሶንግክራን በዓል አለ፤ ሰው በየመንገዱ ውሃ ይረጫጫል፣ ለታካሚም መውጣት አይመችም። በዝናቡ ወራት አልጋ ይረክሳል፤ ነገር ግን አንዳንድ ቅያስ በውሃ ይሞላልና ስለ መንገዱ ጠይቁ።

ለታካሚዋ የሚሆን ክፍል

ፎቶግራፍ ሁሉን አያሳይም። ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ሊፍት አለ? ከመግቢያው እስከ ሊፍቱ ደረጃ አለ? መታጠቢያ ቤቱ ከፍ ያለ ደፍ አለው? ተሽከርካሪ ወንበር በበሩ ያልፋል? የእግረኛው መንገድ በብዙ ቦታ ወጣ ገባ ነውና በካርታ አምስት ደቂቃ የሚለው ለታካሚ ሃያ ሊሆን ይችላል።

ስለ ምግብም አንድ ቃል። በታይ ምግብ ውስጥ የዓሣ መረቅ ብዙ ጊዜ ይገባል። ለምትጾም ሰው «ጄ» የሚለው ቃል ይጠቅማታል፤ ሥጋም ዓሣም እንቁላልም የሌለበት ምግብ ማለት ነው። ቢጫ መደብ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ያለባቸው ምግብ ቤቶች ይህን ያቀርባሉ።

ሕጉና ደላላው

በታይላንድ ሕግ የውጭ አገር ሰው ያሳደረ ቤት በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ሆቴል ይህን ራሱ ያደርጋል። የግል ቤት ከሆነ ባለቤቱ ማድረጉን አረጋግጡ፤ ቪዛ ማራዘም ሲያስፈልግ ወረቀቱ ይጠየቃልና። ፈቃድ በሌለው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ለጥቂት ቀን ማከራየት በአጠቃላይ የተከለከለ ነው፤ የሕንፃው ጥበቃ ሌሊት በር ላይ ቢያስቆማችሁ የምትቸገሩት እናንተ ናችሁ። ከወር ባነሰ ጊዜ ፈቃድ ያለው ሆቴል ወይም አፓርታማ ያዙ።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ «ቤት አለ» የሚል የአገር ሰው ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ቅን ሰዎች ሞልተዋል። ቢሆንም «ኮሚሽኑን የሚከፍልህ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ታክሲ ከፈለጋችሁ ከታችኛው ፎቅ ከማሽኑ የወረፋ ቁጥር ወስዳችሁ በሜትር የሚሠራውን ያዙ፤ በሜትሩ ላይ 50 ባትና የፈጣን መንገዱ ክፍያ ይጨመራል። አስቀድሞ ከተነገራቸው ታካሚ ለመቀበል መኪና የሚልኩ ሆስፒታሎችም አሉ።

ከእንግዲህ የምናደርገው

እህቶቻችን፣ ከዚህ በኋላ ለሕክምና መዋጮ ስንጠይቅ የምናቀርበው በጀት የምርመራ፣ የመኝታና የማገገሚያ ጊዜን ለይቶ ያሳያል፤ የአልጋው መስመርም ከመድኃኒቱ እኩል ይጻፋል። ለጋሾቻችንም ገንዘባችሁ የት እንዳደረ ታያላችሁ። በጽሕፈት ቤታችን አንድ መዝገብ ከፍተናል። ከባንኮክ የተመለሳችሁ አባላት ያረፋችሁበትን ሰፈርና ሶይ፣ የከፈላችሁትን፣ ሊፍቱንና ደረጃውን፣ የባለቤቱን ጠባይ ሳይቀር ጻፉልን። ደረሰኙንም አትጣሉት፤ ለቀጣይዋ ታካሚ መንገድ ይመራል።

ለሕመምተኞቻችን ምሕረቱን፣ ለአስታማሚዎቻችን ብርታቱን ይስጥልን።