የቆቃ ሐይቅ በአፈር እንዳይሞላ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)

በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጭቃ ለመናገር መነሣቴ ያስቃችሁ ይሆናል። ነገር ግን በእጄ የያዝሁትን ይህን ጠርሙስ ተመልከቱ። ውሃው ባለፈው ነሐሴ ከሞጆ ወንዝ የተቀዳ ነው። በቀዳሁት ጊዜ እንደ ጠላ የደፈረሰ ነበር፤ ዛሬ ግን ውሃው ከላይ ጠርቶ አፈሩ ከታች ዘቅጧል። በቆቃ ሐይቅ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው።

እንደሚታወቀው የቆቃ ግድብ በጣልያን የጦር ካሣ ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሦስቱ ተርባይኖች 43,000 ኪሎዋት ያህል የኤሌክትሪክ ኀይል እንዲሰጡ የታቀዱ ናቸው። ከዚያም በታች አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የተባሉት ጣቢያዎች ስለ ተሠሩ፥ ከቆቃ የሚለቀቀው አንዱ ውሃ ሦስት ጊዜ ይሠራል። የወንጂ ሸንኮራም ሆነ በአዋሽ ሸለቆ የሚገኙት እርሻዎች የሚጠጡት ከዚሁ ውሃ ነው።

የሐይቁ ተግባር የክረምቱን ውሃ ለበጋ ማቈየት ነው። ስለዚህ ጎተራ ነው ብንል አንሳሳትም። ጎተራው ግን በ40 ዓመት ውስጥ ከሩብ የሚበልጠውን ቦታ ለደለል አስረክቧል። እንግዲህ በክረምት ውሃው ማደሪያ አጥቶ ይፈስሳል፥ ታች ያለውንም አገር በጎርፍ ያሠጋል፤ በበጋ ደግሞ ለተርባይኑ ያንሳል።

«ታዲያ ደለሉን ቢዝቁትስ?» የሚል አይጠፋም። ወጪው እጅግ ከባድ ነው፤ የተዛቀውንም የሚደፉበት ሰፊ ቦታ ያስፈልጋል። ግድቡን ከፍ እናድርገው ቢባል በዳር ያለው የገበሬ መሬት ይሰጥማል። ከግድቡ ሥር ባለው በር ጥቂቱን ማስወጣት ቢቻልም፥ ከላይ የሚመጣው ካልቆመ ድካሙ በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። የሐይቁ መድኃኒት ያለው በሐይቁ ውስጥ ሳይሆን ከበላዩ፥ በደጋው ማሳ ላይ ነው።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ማሳችን ከሞጆ ወንዝ በላይ ባለ ተዳፋት ላይ ይገኛል። አያቴ ጤፍ ያርሱበት የነበረው ቦታ ዛሬ በሬ የማይሻገረው ቦረቦር ሆኗል። እርከን ሥሩ በተባለ ጊዜ አባቴ፥ «መሬቴን ለድንጋይና ለሣር ከሰጠሁ እናንተን በምን ላበላ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። አባቴ ሰነፍ አይደሉም፤ ጥያቄአቸውም እውነት ነው። እርከን አፈር ይዞ የሚክሰው ከዓመታት በኋላ ሲሆን፥ ልጆች የሚበሉት ግን ዘንድሮ ነው። ደግሞም አፈራችን ወርዶ የሚደፍነው ግድብ የሚያበራው ከተማውን ነው፤ በእኛ መንደር መብራት ገና አልገባም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፤ ኤሌክትሪኩን የሚጠቀመው ከተማ፥ ውሃውን የሚጠቀመውም እርሻ እርከን ለሚሠራው ገበሬ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ጉዳት ይካፈሉ። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ የጎተራ ጥበቃ ዋጋ ነው። ገበሬውም በበኩሉ ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር ያግድ፥ ገደላማውን ከከብት ይከልል፥ በእርከኑ ላይ ሣር ይትከል። እኛ በማሳችን አንድ ዳር ሞክረነው፥ ዘንድሮ ከዚያ የታጨደው ሣር ላማችንን በበጋ ቀልቧል። አባቴም ሁለተኛውን ዳር ራሳቸው ለክተዋል።

እርግጥ ነው፥ እርከን ከሐይቁ የገባውን አፈር አያወጣም። ነገር ግን የቀረውን ቦታ ያድናል። ዛሬ ቆቃ ከትልልቆቹ ግድቦች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ትምህርቱ ግን ትንሽ አይደለም። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ 74 ሚሊያርድ ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የተሠራ ነው። ዓባይም አፈር ይዞ ይወርዳል።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከእኛ መካከል መሐንዲስም፥ ገበሬም፥ ሹምም ይወጣል። አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዳሉት፥ ሥራው ዛሬ ከየማሳችን ይጀመር። ይህንንም ጠርሙስ ለሳይንስ ክፍላችን ትቼዋለሁ፤ በየዓመቱ ነሐሴ ሌላ እየቀዳችሁ አጠገቡ አስቀምጡ። አፈሩ እያነሰ ሲሄድ ካያችሁ፥ ሥራችን መያዙን ታውቃላችሁ።