አስቀድሞ ማድረግ፤ ከዚያም ማስተማር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በጎባ፥ በሮቤና በመላው የባሌ ደጋ የምትኖሩ፥ እንዲሁም በያላችሁበት ሆናችሁ የምትሰሙን የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤

ቅዱስ ሉቃስ የሐዋርያትን ሥራ መጻፍ ሲጀምር ስለ ጌታችን አስቀድሞ ማድረጉን፥ ቀጥሎም ማስተማሩን ያነሣል። ይህ ቅደም ተከተል ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ጌታችን ስለ ጾም ከማስተማሩ በፊት አርባ ቀን ጾመ፤ ትሕትናን ሲያስተምር የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ፤ ጠላትን ስለ መውደድ ያስተማረውንም በመስቀል ላይ ሆኖ ለሰቃዮቹ ምሕረትን በመለመን ፈጸመው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከማስተማሩ እንጀምርና ወደ ማድረጉ ሳንደርስ እንቀራለን።

ይህንን ለማስተዋል በሮቤ ዙሪያ ያለውን የስንዴና የገብስ ማሳ መመልከት ይበቃናል። እግዚአብሔር ለዚህ አገር በዓመት ሁለት የዝናብ ወራት ሰጥቶ ሁለት ጊዜ እንዲዘራና እንዲታጨድ አድርጎታል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ደግሞ የመከሩ ቃርሚያ ለድሀና ለመጻተኛ እንዲተው አዟል፤ ሞዓባዊቱ ሩትም በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው በዚህ ሕግ ነው። እንግዲህ ከእኛ መካከል እሑድ በዐውደ ምሕረት ስለ ምጽዋት ያስተማረ፥ በሰንበቴም ባልንጀራውን ስለ ድሆች የመከረ ሰው፥ ሰኞ ኮምባይነሩ ካለፈ በኋላ የወደቀውን ዛላ ልትቃርም የመጣችውን መበለት ከማሳው ቢያባርራት፥ የትኛውን ስብከቱን ትስማ? የእሑዱን ወይስ የሰኞውን? እህል ነጋዴውም ልጁን ጹም እያለ ሚዛኑን ቢያጎድል፥ ልጁ የሚማረው ጾሙን ሳይሆን ሚዛኑን ነው።

በባሌ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ በኀዘንም በደስታም ይገናኛሉ። ጎረቤታችን ወንጌላችንን በመጽሐፍ ላያነበው ይችላል፤ በሚዛናችንና ለቀን ሠራተኛው በምንከፍለው ደመወዝ ግን ዘወትር ያነበዋል።

ቃልና ግብር አንድ ሲሆኑ ምን ያህል ኃይል እንዳላቸው ከአባቶቻችን እንማር። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ አቡነ ጴጥሮስ፥ ሕዝቡ ለወራሪው ጠላት እንዳይገዛ ይመክሩ ነበር። ጠላትም ይዞ አርበኞችን ያወግዙ ዘንድ በጠየቃቸው ጊዜ ምክራቸውን አላጠፉም፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ሌላውን ጽና ብለው ራሳቸው ቢያፈገፍጉ ኖሮ፥ ምክራቸው በዚያው ቀን በሞተ ነበር። ዛሬ በማሳችንና በገበያችን ከእኛ የሚጠየቀው ደማችን አይደለም፤ ጥቂት ዛላና ትክክለኛ ሚዛን ነው። ይህንንም እንዴት እንነፍጋለን?

በሬዲዮ የምንናገረው እኛም ከዚህ ፍርድ ውጭ አይደለንም። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ ለሌሎች ከሰበከ በኋላ ራሱ የተጣለ እንዳይሆን ሥጋውን ይገዛ እንደ ነበር ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎላቸዋል። እርሱ እንዲህ ከተጠነቀቀ፥ ድምፃችን ከቤታችን አልፎ የሚሰማው እኛ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል!

ይህን ስንል ፍጹማን እስክንሆን ድረስ ማንንም አንምከር ማለታችን አይደለም፤ እንዲያ ቢሆንማ አባት ልጁን፥ ካህንም መንጋውን ባልመከረ ነበር። ነገር ግን የምንመክረውን ራሳችን እንጀምረው፤ በወደቅን ጊዜም ውድቀታችንን በስብከት ሳንሸፍን በንስሐ አባታችን ፊት እንግለጠው። ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን በዚህ ሳምንት ለሌላ ሰው የሰጠነውን አንድ ምክር እናስታውስ፤ ነገም ያንኑ ምክር እኛው ራሳችን እንፈጽመው።

የሚያደርግና የሚያስተምር ሰው በመንግሥተ ሰማያት ታላቅ እንደሚባል የነገረን ጌታ፥ ቃላችንንና ግብራችንን አንድ ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።