ያልፈነዳው ቦምብ ሕግ ፊት፦ ከምን አለሽ ተራ እስከ አይደር



የዛሬውን ንግግሬን ከምን አለሽ ተራ ልጀምር። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የሰበሰበው ብረት በዚህ የመርካቶ ክፍል ሁለተኛ ሕይወት ያገኛል፤ ጣሳው ኩራዝ፣ በርሜሉ ምድጃ፣ የመኪናው ባሌስትራ መጥረቢያ ይሆናል። ይህን የድህነት ምልክት ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ዕውቀትም ነው። የወደቀ ነገር አንሥቶ «ለምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ በከተማም በገጠርም ከልጅነታችን የያዝነው ልማድ ነው። ክላስተር ቦምብ ይህን መልካም ልማድ ወደ ወጥመድ የሚለውጥ መሣሪያ ነው።

«ክላስተር» ማለት ዘለላ ነው። ከአውሮፕላን የሚጣለው ቀፎ አየር ላይ ይከፈትና የያዛቸውን ትናንሽ ቦምቦች በሰፊ ቦታ ይበትናል። በብሪታኒያ የተሠራው ቢ.ኤል. 755 ለምሳሌ በአንድ ቀፎ 147 ትናንሽ ቦምቦች ይይዛል። ከዚህ አሠራር ሁለት ጉዳት ይመነጫል። አንደኛው የቦታ ነው፤ ሕዝብ በሚኖርበት አካባቢ የተበተነ ቦምብ ወታደሩን ከሲቪሉ አይለይም። ሁለተኛው የጊዜ ነው፤ ከተበተኑት የተወሰኑት ሳይፈነዱ ይቀራሉ። የቀረው ቦምብ ለእረኛው ልጅ መጫወቻ፣ ብረት ለቅሞ ለሚያድር ሰው ደግሞ የዕለት እንጀራ ይመስለዋል።

በአገራችን የመጀመሪያውን ጉዳት መቀሌ ላይ አይተናል። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ የጦር አውሮፕላኖች የጣሏቸው ክላስተር ቦምቦች በአይደር ትምህርት ቤትና በአካባቢው ላይ ወደቁ። 53 ሲቪሎች ሞቱ፤ ከእነርሱም 12ቱ ተማሪዎች ነበሩ። ከቆሰሉት 185 ሰዎች መካከል 42ቱ ተማሪዎች ናቸው።

በአልጀርሱ ስምምነት መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 በጉዳዩ ላይ ውሳኔ ሰጠ። የመቀሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሕጋዊ የጦር ዒላማ እንደነበረ፣ ኤርትራም ሆን ብላ ትምህርት ቤቱን መምታቷ እንዳልተረጋገጠ ገለጸ። ሆኖም ሊደረግ የሚችለውን ጥንቃቄ ሁሉ ባለማድረጓ ተጠያቂ ናት አለ። የሕግ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ፤ ኮሚሽኑ የፈረደው በአጣጣሉ ላይ እንጂ በመሣሪያው ላይ አይደለም።

ሚዛናችንም እንዳይዛባ ሌላውን ወገን እናንሣ። በ1992 ዓ.ም. ከተካሄደው ውጊያ በኋላ በምዕራብ ኤርትራ፣ በጋሽ ባርካ፣ ያልፈነዱ የቢ.ኤል. 755 ቦምቦች ተገኝተዋል፤ የተጣሉትም ከኢትዮጵያ አውሮፕላኖች እንደሆነ ተዘግቧል። የአይደርን ልጆች የሚያለቅስ ሰው የጋሽ ባርካን እረኛ ሊረሳ አይገባውም።

ኢትዮጵያ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1997 ፈርማ በ2004 አጽድቃለች። ይሁን እንጂ ያ ስምምነት ፈንጂ የሚለው ሰው ሲቀርበው ወይም ሲነካው እንዲፈነዳ ታስቦ የተሠራውን ነው። ክላስተር ቦምብ የተሠራው ሲወድቅ እንዲፈነዳ ነው፤ መሬት ላይ የሚቀረው ስለከሸፈ ነው። በሕግ ፊት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ በእረኛው እግር ሥር ግን ልዩነት የለም። ክፍተቱን ለመድፈን እ.ኤ.አ. በ2008 በደብሊን የጸደቀው የክላስተር ቦምብ ስምምነት መሣሪያውን መጠቀምን፣ ማምረትን፣ ማከማቸትንና ማስተላለፍን ይከለክላል፤ የተበከለን መሬት ማጽዳትንና ተጎጂዎችን መርዳትንም ግዴታ ያደርጋል። ኢትዮጵያም ኤርትራም አልፈረሙም።

ተቃራኒውን ክርክር አላቃልለውም። ተበታትኖ የሚንቀሳቀስን ሠራዊት ወይም አየር ማረፊያን ለመምታት መሣሪያው ይጠቅማል የሚሉ የጦር ባለሙያዎች አሉ። ሊቱዌኒያም ለመከላከያዬ ያስፈልገኛል በማለት እ.ኤ.አ. በ2025 ከስምምነቱ ወጥታለች። ነገር ግን ጥያቄው ለእኛ ሌላ ነው። ጦርነቶቻችን በአብዛኛው የሚካሄዱት በራሳችን እርሻና ግጦሽ ላይ ነው። ሳይፈነዳ የቀረው ቦምብ የሚጠብቀው የጠላትን ወታደር አይደለም፤ ጦሩ ከተመለሰ በኋላ መሬቱን የሚያርሰውን ገበሬ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ቸርነት አይደለም። በአይደር በደረሰባት ጉዳት ፍርድ የጠየቀች አገር መሣሪያውን ራሱን የሚከለክለውን ሕግ ልትቀበል ይገባታል። ጉዳዩን ማጥናት፣ መጻፍና መሞገት ደግሞ የዚህ አዳራሽ ሥራ ነው።

በምን አለሽ ተራ መዶሻውን የሚያነሣው ባለሙያ ፊቱ ያለውን ብረት አምኖ ነው። ሕግ ሊጠብቅለት የሚገባው ይህን እምነት ነው።