የቆቃ ባዶ ቦታ



ስለ ግድብ ሲነሣ ሁላችንም ሞልቶ የተንጣለለ ውኃ ይታየናል። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ባዶው ቦታ ነው። ሐምሌ ሲገባ ከቆቃ ሐይቅ ገጽ እስከ ግድቡ አፍ የሚቀረው ባዶ ስፍራ ከወንጂ እስከ አፋር ሜዳ ድረስ የብዙ ሰው ቤትና ከብት የሚድንበት ነውና።

የአዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባሕር ሳያይም ጅቡቲ ጠረፍ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በዚህ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ የተሠራው ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሳ ሲሆን፣ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከተርባይኑ የወጣው ውኃ ወንጂን አጠጥቶ፣ በአዋሽ 2 እና በአዋሽ 3 ጣቢያዎች እንደገና ኃይል ሰጥቶ፣ ወደ መተሐራ ሸንኮራና ወደ አሚባራ እርሻ ይወርዳል። አንዱ ውኃ ስንቱን ቤት እንደሚያገለግል አስቡት!

ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። ለመብራት ሐይቁ ከፍ ብሎ ቢቆይ ይመረጣል፤ ውኃው ከከፍታ በወረደ መጠን ጉልበቱ ይበረታልና። ገበሬው የበጋውን ውኃ ከወዲሁ ተቀምጦ ማየት ይሻል። የጎርፍ ሥጋት ያለበት ሰው ደግሞ ሐይቁ እንዲጎድልለት ይለምናል። ነሐሴ ላይ ውኃ የለቀቀ ኃላፊ ዝናቡ በድንገት ቢቆም በጋውን ሙሉ ይወቀሳል። አልለቅም ብሎ የጠበቀውም መጨረሻው ዝናብ ሲበረታ በሮቹን በአንድ ጊዜ ከመክፈት ሌላ ምርጫ አይኖረውም።

እስቲ እናስላው። በሴኮንድ 100 ሜትር ኩብ ቢለቀቅ በቀን 8.64 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይወጣል። 100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ባዶ ቦታ ለማግኘት፣ ከላይ ጠብታ ባይገባ እንኳ፣ 11 ቀን ተኩል ያህል ይፈጃል። በክረምት ደግሞ ከላይ የሚገባው ውኃ አያቋርጥም። ስለዚህ ውሳኔው ደመናው ከመክበዱ በፊት ካልተወሰነ ከነጭራሹ ውሳኔ አይባልም።

ደለሉ ደግሞ ይህን የውሳኔ ጊዜ እያሳጠረብን ነው። ከላይኛው አዋሽና ከሞጆ የሚመጣው አፈር ሐይቁ መጀመሪያ ይይዝ ከነበረው ከሩብ በላይ ወስዶበታል። የደጋው ማሳ በተራቆተ ቁጥር የቆላው ሰው መጠለያ ይጠብበታል። የእርከን ሥራ የገበሬው ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ የምቃወመው ለዚህ ነው፤ ለእኔ እርከን የግድቡ አንድ አካል ነው።

ከቆቃ በታች ከሰምና ሌሎች ገባሮች ይቀላቀላሉ። ከግድቡ የተለቀቀው ውኃና የገባሮቹ ደራሽ ሜዳው ላይ በአንድ ቀን ከተገናኙ አዋሽ ዳርቻውን ጥሶ ይወጣል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት በአፋር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ነገር ግን ጎርፍን ጠላት ብቻ አድርጌ አልናገርም። ረጋ ብሎ ሜዳውን አጥቦ የሚመለስ ውኃ ለአርብቶ አደሩ የግጦሽ ሣር ያበቅላል። ይህ ሰው የሚፈራው ሳይነገረው በሌሊት የሚደርሰውን ውኃ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የቆቃ ሐይቅ ከፍታና በዕለቱ የሚለቀቀው ውኃ መጠን በየቀኑ በሬዲዮ ይነገር፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ። በር የሚከፈት ከሆነም መልእክቱ ከውኃው ቀድሞ አፋር ውስጥ ዱብቲ ይድረስ፤ እናት ልጆቿን ይዛ፣ እረኛው ግመሎቹን ነድቶ ወደ ከፍታው የሚወጣበት ቀን ይኑራቸው።