ራስ ሥዕለ ክርስቶስና የሹመኛ ታማኝነት
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



በፊታችሁ የቆምነው ከአንበሳሜ፣ ከወረታና ከፎገራ ሜዳ ዙሪያ የመጣን ተማሪዎች ነን። ስለ አገራችን ታሪክ ተናገሩ በተባልን ጊዜ የነገሥታትን ታሪክ ለመድገም አልፈለግንም። የእነርሱ ስም በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። የመረጥነው በንጉሥ ሥር ሆነው አገር ስላስተዳደሩ፣ ጦር ስለ መሩ፣ በመጨረሻም ስለ ወደቁ አንድ መኰንን መናገር ነው። እርሳቸውም የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ናቸው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ የመንግሥት ሥራ የምንይዝ ነን፤ ስለዚህ አንድ ሹመኛ ለሾመው፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ያለበት ዕዳ ምን እንደ ሆነ ዛሬውኑ ልናስብበት ይገባል።

ታሪኩ ከደጃችን የራቀ አይደለም። በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለውን የአላታን የድንጋይ ድልድይ የማያውቅ የደራ ሰው አይገኝም። ይህ ድልድይ በሱስንዮስ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የገዙት ጎጃም ከድልድዩ ማዶ ነው፤ የንጉሡ ከተማ ደንቀዝ ደግሞ ከፎገራ ሜዳ በስተ ሰሜን፣ ወደ ጎንደር ሲሄዱ ይገኛል። የእኛ አገር በሁለቱ መካከል ነው።

ሱስንዮስ በ1607 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዐፄ ያዕቆብን በጎል ጦርነት ድል ነሥተው ዙፋኑን ሲይዙ መንግሥቱ ገና አልጸናም ነበር። እርሳቸው በልጅነታቸው በኦሮሞ ተማርከው፣ ኋላም ብዙ ዘመን በሽፍትነት የኖሩ ናቸው። ስለዚህ የሚያምኑትን ሰው የፈለጉት ከቅርብ ሥጋ ዘመዶቻቸው መካከል ነበር። ሥዕለ ክርስቶስ በእናታቸው በሐመልማለ ወርቅ በኩል ወንድማቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ሥዕለ ክርስቶስ በዝምድና ብቻ ከፍ አሉ ብንል ሐሰት ይሆናል። ትግሬን ሲገዙ፣ «ያዕቆብ አልሞተም፤ እኔ ነኝ» ብሎ በተነሣ ሰው ላይ ዘምተው ጭፍሮቹን ደጋግመው ድል አደረጉ። ከዚያም ጎጃምን ተሾሙ። በ1613 አባ አንቶንዮ ፌርናንዴዝ ከንጉሡ መልእክተኛ ጋር በእናርያ በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚያወጣ መንገድ ለመፈለግ ሲነሡ፣ በጎጃም ተቀብለው ጉዟቸውን ያሰናዱላቸው ሥዕለ ክርስቶስ ነበሩ።

እዚህ ላይ ሹመትና ርስት የተለያዩ መሆናቸውን ልብ እንበል። ርስት ከአባት ለልጅ ይወርዳል፤ ሹመት ግን የሰጠው ንጉሥ በፈለገ ጊዜ የሚነጥቀው ነው። ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አልነበረም። በሃንጋሪ ከ1308 እስከ 1342 የገዙት ቀዳማዊ ቻርልስ ለመኳንንቶቻቸው ግንብና ሰፊ አገር ከሹመት ጋር ይሰጡ ነበር፤ ሹመቱ ሲቀር ግን ግንቡም አገሩም ይቀራል። በዚያም ሆነ በዚህ፣ የንጉሥ አገልጋይ ኃይሉ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ክር ላይ ነበር። እኛ ዘንድ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለው ተረት የተወለደው ከዚህ ሥርዓት ነው። ተረቱ ስለ መብላት እንጂ ስለ ማገልገል አለመናገሩ ግን ያሳዝነናል።

የሥዕለ ክርስቶስን ዕድል የለወጠው የሃይማኖት ጉዳይ ነው። አባ ጴጥሮስ ፓኤዝና ሌሎቹ ኢየሱሳውያን ያስተማሩትን የካቶሊክ እምነት ከንጉሡ ቀድመው ተቀበሉ። ሌላው ወንድም የማነ ክርስቶስ ግን የቀደመውን ሃይማኖት ደግፈው ቆሙ፤ አንድ ቤት ለሁለት ተከፈለ። በ1617 የንጉሡ አማች ዮልዮስ ሸፍተው ሲወጉ፣ ከእነርሱ ጋር የነበሩት ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም አብረው ሞቱ። በ1622 ሱስንዮስ እምነታቸውን በይፋ ገለጹ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ከሮማ ተሾመው መጡ።

በየካቲት 1626 በደንቀዝ ታላቅ ጉባኤ ሆነ። ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ ጳጳስ ለመታዘዝ ማሉ። የሥዕለ ክርስቶስ ተራ ሲደርስ ሰይፋቸውን መዘዙ። ለአልጋ ወራሹ ለፋሲለደስ የሚገባውን መሐላ ሲምሉም፣ ታማኝነታቸው ፋሲለደስ የካቶሊክን እምነት እስከ ጠበቁ ድረስ ብቻ መሆኑን፣ ካልጠበቁ ግን ዋና ጠላታቸው እንደሚሆኑ በጉባኤው ፊት ተናገሩ።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ይህን መሐላ በሁለት ወገን ልንመለከተው እንችላለን። በአንድ በኩል፣ ከንጉሥ በላይ የሚፈሩት እግዚአብሔር እንዳለ በአደባባይ መናገር ድፍረት ነው። ለአለቃው ሁሉን እሺ የሚል ሹመኛ ይህን ድፍረት ሊማር ይገባዋል። በሌላ በኩል ግን፣ ለራሳቸው ኅሊና የጠየቁትን ነፃነት ለገበሬውና ለቄሱ ከለከሉ። ፓትርያርኩ ቄሶች እንደገና ይሾሙ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት ይቅር ባሉ ጊዜ፣ ትእዛዙን በኃይል ለማስፈጸም ከተዘረጉት እጆች አንዱ የእርሳቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። ቤተ መንግሥት ሐሜት አያጣምና፣ ሥዕለ ክርስቶስ በጎጃም ኃይል አብዝተዋል የሚለው ወሬ ንጉሡ ጆሮ ደረሰ፤ ሥልጣናቸው ተቀነሰ። በላስታ መልክዐ ክርስቶስ የሚመራው ዐመፅ በረታ። በሰኔ 1632 በወይና ደጋ ጦርነት ንጉሡ አሸነፉ፤ ነገር ግን ከዐመፀኞቹ 8,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይተረካል። የወደቁት እስላም ወይም አረማዊ ሳይሆኑ የራሳቸው ክርስቲያን ሕዝብ መሆናቸውን መኳንንቱ ለንጉሡ አመለከቱ። ሱስንዮስም ሕዝቡ በቀደመው ሃይማኖቱ እንዲኖር ዐዋጅ አስነግረው፣ መንግሥቱን ለፋሲለደስ አስረክበው በዚያው ዓመት ዐረፉ።

አዲሱ ንጉሥ የደንቀዙን መሐላ አልረሱትም። ሥዕለ ክርስቶስ እምነታቸውን እንዲተዉ ቢጠየቁ እምቢ አሉ፤ ሀብታቸውን አጥተው ተጋዙ፣ ኋላም ተገደሉ። በሹመት ጊዜ የጸና ሰው ብዙ ነው፤ በሽረት ጊዜ የጸና ግን ጥቂት ነው። በዚህ ልናከብራቸው ይገባናል። ኢየሱሳውያኑ በመጻሕፍታቸው እጅግ ያመሰገኗቸው ወዳጃቸው ስለ ነበሩ ነውና፣ ምስጋናውን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ጽናታቸውን ግን ጠላትም አይክድም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ምንድን ነው? ሹመኛ ኅሊና የሌለው ዕቃ አይደለም፤ የማያምንበትን እምቢ ማለት ይችላል፣ ዋጋውንም ራሱ ይከፍላል። ነገር ግን በአደራ የተሰጠው ሰይፍ፣ ማኅተም ወይም ብዕር የእርሱ አይደለም። ኅሊናውን በራሱ ነፍስ ይመስክርበት እንጂ በሕዝቡ ትከሻ ላይ አይጫነው። ሥዕለ ክርስቶስ የመጀመሪያውን በሚገባ ያውቁ ነበር፤ ሁለተኛውን ግን አላወቁትም፤ የላስታም ገበሬ ዋጋውን ከፈለ። እኛ ሁለቱንም አውቀን ወደ ሥራ እንድንገባ እንመኛለን።