በሶፍ አብረን ቆመን በኒካሕ ለምን ተለያየን?

(በማታው ትምህርት ክፍል አስተማሪዎች ስም ለካምፓችን ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር)



ክርስቲያን የሆናችሁ ወገኖቻችን፣ ርእሱ የሙስሊሞች ይምሰል እንጂ ነገሩ ሁላችንንም የሚነካ ስለሆነ በመምጣታችሁ ደስ ብሎናል።

እንደምታውቁት እኛ ዑለማ አይደለንም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስን ከአገር የወጣን፣ ማታ ማታ እንግሊዝኛና ሒሳብ የምናስተምር ሰዎች ነን። ስለዚህ ዛሬ የምናቀርበው ስብከትም ፈትዋም አይደለም። በክፍላችን የሆነውን አንድ ነገር ልንነግራችሁ ነው የቆምነው።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ተማሪዎቻችን እንግሊዝኛ ይለማመዱ ብለን ቻትቦት የሚባለውን፣ ማለትም በጽሑፍ ሲጠይቁት በጽሑፍ የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በአንድ ስልክ ከፍተን እየተቀባበልን እንጠይቀው ነበር። አንድ ምሽት ከወጣቶቹ አንዱ ስልኩን ተቀበለና በአማርኛ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «አላህ ዓረቦችን ከእኛ አስበልጦ ይወዳል?»

ክፍሉ ዝም አለ። ልጁ ቁርኣን አሳምሮ የሚቀራ ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት ኢማሙ በዘገዩ ጊዜ ሊያሰግድ ወደ ፊት ሲወጣ አንድ ትልቅ ሰው ክንዱን ይዘው «ዓረብኛ አፉን የፈታ ሰው እያለ!» ብለው መልሰውታል። እኛ ይህን የሰማነው በኋላ ነው።

ማሽኑ ወዲያው መለሰ። በፍጹም፣ እስልምና ዘር አይለይም አለ። የሱረቱል ሑጁራትን 13ኛ አንቀጽ ጠቀሰ፤ ሰዎች በጎሣ በጎሣ የተፈጠሩት ሊተዋወቁ መሆኑንና የክብር መለኪያው አላህን መፍራት መሆኑን አስረዳ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ በመሰናበቻው ሐጅ ያደረጉትን ንግግር፣ ቢላልንም፣ ነጃሺንም አነሣ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚያው ዘግተን ወደ ሒሳባችን ልንመለስ ነበር።

ነገር ግን ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ስልኩን ጠየቀች። ማን እንደሆነች የምታውቁ ብታውቁም ስሟን አንጥራ፤ እንድንናገር የፈቀደችልን በዚህ ሁኔታ ነው። እርሷ የጻፈችው እንዲህ የሚል ነው፦ «እንደዚህ ከሆነ፣ አያቴ ቀጥቃጭ ስለነበሩ ኒካሔ የቀረው በየትኛው አንቀጽ ነው?»

ማሽኑ ለዚህም ረጅም መልስ ጻፈ። ማዘኑን ገለጸ፣ መድልዎ ትክክል እንዳልሆነ ተናገረ፣ በመጨረሻም «በአካባቢዎ የሚገኙ የሃይማኖት አባቶችንና ሽማግሌዎችን ያማክሩ» ብሎ መከራት። ልጅቷ ሳቀች። ኒካሑን ያስቀሩት እኮ ሽማግሌዎቹ ናቸው። ከእነዚያ ሽማግሌዎች መካከል ደግሞ ሁለቱ ከእኛ ከአስተማሪዎቹ ነበሩ። በዚያ ሽምግልና ላይ ተቀምጠን፣ የልጁ አባት «ዘራቸው አይሆነንም» ሲሉ አንገታችንን ደፍተን ቡናውን ጠጥተን ወጥተናል። ለእርሷ አልነገርናትም ነበር። ያን ቀን ማታ ነገርናት።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዳዩን የምር የያዝነው። ማታ ማታ ማሽኑን እየጠየቅን፣ የመለሰልንን በደብተር እየገለበጥን፣ በሳምንቱ መጨረሻ ኪታብ ወዳላቸው ሸኽ እየወሰድን አስነበብን። በዚህ መንገድ ስለ ማሽኑም ስለ ራሳችንም አንዳንድ ነገር ተማርን።

ስለ ማሽኑ በአጭሩ እንናገር። በእንግሊዝኛ ስንጠይቀው ሁለት ገጽ የሚጽፈው፣ በአማርኛ ስንጠይቀው አምስት መስመር ጽፎ ያቆማል። አንዱ ተማሪያችን «ማሽኑም የራሱ ቁረይሽ አለው» ብሎ አሳቀን። ሁለተኛም፣ እንደ አጠያየቃችን ያዘነብላል። «ዘር ዋጋ የለውም አይደል?» ስንለው ቢላልን ያመጣል። «ለቁረይሽ ልዩ ክብር አለ አይደል?» ስንለው መሪነት የቁረይሽ ስለመሆኑ የተላለፉትን ሐዲሶች ይደረድራል። ሁለቱም በኪታብ አሉ፤ ማሽኑ ግን ያልጠየቁትን ከሌላው ወገን አያመጣም። ስለዚህ ጥያቄውን ሁልጊዜ ገልብጠን ሁለት ጊዜ መጠየቅ ለመድን።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። አቡ ዘር ቢላልን በጥቁር እናቱ እንደሰደበው፣ ከዚያም ተጸጽቶ ጉንጩን መሬት ላይ አድርጎ «ርገጠኝ» እንዳለው የሚናገረውን ታሪክ ማሽኑ «ቡኻሪ ዘግበውታል» ብሎ ጻፈልን። ሸኹ ኪታቡን ከፍተው አሳዩን። በቡኻሪ ውስጥ አቡ ዘር አንድን ሰው በእናቱ እንዳነወረ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በውስጡ ገና የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለበት እንደነገሩትና ከእጃችሁ በታች ያሉትን ከምትበሉት አብሉ፣ ከምትለብሱት አልብሱ እንዳሉት አለ። የተሰደበው ሰው ስም ግን የለም። ቢላል ነው የሚለው በሌሎች ዘገባዎች የመጣ ነው፤ የጉንጩም ነገር በቡኻሪ ውስጥ የለም። ሸኹ አልተቆጡም። «ይህ ከማሽኑ በፊት በየሚንበሩ ሲነገር የኖረ ነው፤ ከእኛው ሰምቶ ነው» አሉ። የመሰናበቻው ንግግርም፣ ዓረብ ዓረብ ካልሆነው፣ ቀዩም ከጥቁሩ እንደማይበልጥ የሚናገረው ክፍል፣ የሚገኘው በኢማም አሕመድ ሙስነድ እንጂ በቡኻሪና በሙስሊም እንዳልሆነ አሳዩን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የልጅቷ ጥያቄ የኒካሕ ጥያቄ ስለነበር ከሸኹ ጋር የቆየነው «ከፋአ» በሚባለው ላይ ነው። ከፋአ ማለት የባልና የሚስት መመጣጠን ነው። (ተማሪዎቻችን በዓረብ አገር ሠራተኛ ከምትታሰርበት «ከፋላ» ጋር ያምታቱት ነበር። ያኛው ዋስትና ማለት ነው፤ ሥሩም ሌላ ነው። ቢሆንም በዚያ ሥርዓት የሠሩ እህቶች ያላችሁ፣ አብረው ጾመው አብረው እያፈጠሩ ብርጭቆ ለብቻ ስለሚቀመጥበት ቤት ከእነርሱው አፍ ሰምታችኋል።) በሐነፊና በሻፊዒ መዝሀቦች ኪታብ ውስጥ ዘር ከመመጣጠን መለኪያዎች አንዱ ሆኖ ተጽፏል፤ ዓረብ ያልሆነ ወንድ ለዓረብ ሴት እኩያ አይደለም የሚል አለ። ሐነፊዎቹ ሙያንም ይቆጥራሉ። ኢማም ማሊክ ግን ዘርን አልቆጠሩም፤ ለእርሳቸው ዋናው መመጣጠን በዲን ነው። እንግዲህ የእኛ አገር ሙስሊም በአብዛኛው ሻፊዒ ወይም ሐነፊ መሆኑን አስቡ። «በእስልምና ዘር የለም» ብሎ የደመደመው ማሽን ይህን የነገረን ከሦስት ቀን ጥያቄ በኋላ ነው። ደስ ስለማይል ይሆናል። እኛም ብንሆን እንግዳ ፊት የምናወራው ስለ ቢላል እንጂ ስለ ከፋአ አይደለም።

ታዲያ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ምን ያሳያል? ሸኹ የፋጢማ ቢንት ቀይስን ታሪክ አነበቡልን፤ በሙስሊም ኪታብ የሚገኝ ነው። ፋጢማ የቁረይሽ ሴት ነበረች። ከፍቺ በኋላ ሙዓዊያና አቡ ጀህም፣ ሁለቱም ቁረይሾች፣ ጠየቋት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኡሳማ ኢብን ዘይድን እንድታገባ መከሯት። የኡሳማ አባት ዘይድ ነጻ የወጣ ባሪያ ነው። እናቱ ኡሙ አይመን ደግሞ ነቢዩን በልጅነታቸው ያሳደገች፣ እርሷም ከባርነት ነጻ የወጣች ሐበሻ ናት። ፋጢማ መጀመሪያ አልወደደችውም፤ ደግመው መከሯት፣ አገባችው፣ ኋላም በትዳሯ የሚቀናባት ሴት ሆነች። ይኸው ኡሳማ በወጣትነቱ የጦር አዛዥ ሆኖ ሲሾም ሰው አጉረምርሟል። ነቢዩም ቀድሞ በአባቱ መሾም ላይ እንዲሁ አጉረምርማችሁ ነበር ብለው ዘልፈዋል። ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን እንኳ የሚያጉረመርም ነበር። ልዩነቱ፣ ሲጉረመረም ቡናውን ጠጥቶ ዝም ብሎ የሚወጣ ሽማግሌ አለመኖሩ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ የተደባለቀ ነው። በኡመያዎች ጊዜ ዓረብ ያልሆኑ ሰለምተኞች፣ መዋሊ የሚባሉት፣ ከሰለሙም በኋላ ጂዝያ ይከፍሉ ነበር። ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ (እ.ኤ.አ. 717–720) ይህ እንዲቀር አዘዙ። በሌላ በኩል ጥቁሩ አጣእ ኢብን አቢ ረባሕ የመካ ሙፍቲ ነበሩ። ከእኛው አካባቢ የሄዱ ጀበርቲዎች በካይሮ አል-አዝሀር የራሳቸው ማደሪያ፣ ሪዋቅ፣ ነበራቸው፤ የግብፅን ታሪክ የጻፉት ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የዘር ሐረጋቸው ከዚያ ነው። በግብፅ የኖሩት ሊቅ ሱዩጢ (እ.ኤ.አ. በ1505 የሞቱት) ሐበሾችን የሚያወድስ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ከእርሳቸው በፊት ጃሒዝና ኢብኑል ጀውዚ ስለ ጥቁሮች ክብር ጽፈዋል። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ኮሩ። እኛ ግን መድኃኒት የሚቀመመው በሽታ ባለበት ነው አልናቸው፤ ንቀቱ ባይኖር መጽሐፉ ባላስፈለገም።

ኩራትን ካነሣን አይቀር ነጃሺን እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱት ሰሐቦች በአክሱም ንጉሥ ዘንድ መጠለላቸውን የማያነሣ የሐበሻ ሙስሊም የለም፤ ስደተኞች በመሆናችን ደግሞ አብልጠን እንወደዋለን። ነገር ግን አንድ ምሽት ያ ከኢማም ቦታ የተመለሰው ልጅ «እኛ የነጃሺ ዘር ነን» ብሎ ሲናገር ልጅቷ መለሰችለት፦ «አያቴ የነጃሺን ማረሻ የሠራ ቢሆንስ?» መልስ አላገኘንላትም።

እውነቱ ይህ ነው። ዓረቡ ናቀን እንላለን፤ ደግሞም ተንቀናል። እኛ ግን ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ሸማኔውን ቡዳ ብለን፣ አንጋባም ብለን አገር ጥለን ስንወጣ፣ ሌላ ንብረት ሁሉ ቀርቶብን ይህን ተሸክመን መጣን። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ በሳዑዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962። የእነማን አያት ባሪያ እንደነበሩ በዚህ ካምፕ ውስጥ የሚቆጥሩ ሰዎች እስከ ዛሬ አሉ። ጁሙዓ ዕለት ሶፉን አይታችኋል፤ ሶማሌው፣ ሱዳኑ፣ ኮንጎው፣ ቡሩንዲው፣ እኛም እግር ለእግር ገጥመን እንቆማለን። ከሰላምታ በኋላ ወደየብሎካችን ስንበተን ነው ሚዛኑ የሚወጣው።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር እንበል፤ የልጁ ቁስል ይህ ነበርና። ሶላቱ በዓረብኛ ነው፤ በዚህ ክርክር የለንም። ዱዓ ግን ሰው በገባው ቋንቋ ነው። የወሎ መንዙማ ትልልቆቻችንን የሚያስለቅሰው በአማርኛ ስለሆነ ነው፤ አባቶች በዓረብ ፊደል አማርኛውን ጽፈው አቆይተውታል። ቁርኣንም በ1961 ዓ.ም. በአማርኛ ተተርጉሞ ታትሟል። ትልቁ ሰውዬ በኋላ ልጁን ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ባለፈው ሳምንት መግሪብ አሰግዷል።

የልጅቷ ጉዳይ ግን አላለቀም። ሸኹ ካስረዱን በኋላ እኛ ሁለታችን ወደ ልጁ አባት ተመልሰን ሄድን። በመጀመሪያው ቀን ዝም ማለታችን ጥፋት እንደነበር ነገርናቸው፤ የፋጢማን ታሪክም አነበብንላቸው። በትዕግሥት ሰሙን። «ታሪኩ እውነት ነው» አሉ። «እኔ ግን አገሬ ስገባ ለዘመዶቼ ምን እላለሁ?» እዚህ ከመጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። እስከ ዐረፋ ጊዜ ስጡኝ አሉ፤ ሰጠናቸው።

ልጅቷ ማሽኑን መጠየቅ አልተወችም፤ አሁን እንግሊዝኛዋ ከእኛም ሳይሻል አልቀረም። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግመን ወደ አባትየው እንሄዳለን። ከታላላቆቻችን አብሮን የሚሄድ ካለ በውሃ መቅጃው አጠገብ እንጠብቃለን።