የሄዱትን ሰዎች ስም ስለ መጻፍ

በዋጃ በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ታዘዘው፣ በኢዮቤልዩ ዓመት ከርስቱ የራቀ ሰው ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ ይመለስ ነበር። እኛም ዛሬ የደብራችንን ኢዮቤልዩ ስናከብር፣ ከዚህ አገር ወጥተው ያልተመለሱትን ልናስባቸው ይገባናልና፣ ስለ እነርሱ ጥቂት ቃል እናገር ዘንድ ፈቃዳችሁን እለምናለሁ።

በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ዝናም በቀረ ጊዜ የራያ ቆላ ማሽላ በማሳው ላይ ደረቀ። ከቆላውም ብዙ ሰው ተነሥቶ፣ ከአላማጣ በላይ ያለውን የግራካሱን ጠመዝማዛ አቀበት ወጥቶ ኮረም ገባ። በዚያ በደጋው ብርድ፣ በድንኳንና በቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ፣ ስንቱ ሳይነጋለት ቀረ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ሚካኤል በርክና ኬንያዊው ሥዕል አንሺ መሐመድ አሚን ያዘጋጁት ወሬ በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታየ። ዓለምም አለቀሰ፤ እህልም ላከ። ነገር ግን ፊታቸውን አየ እንጂ ስማቸውን አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲያ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አንሥቶ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋና በጎጃም መተከል አሰፈረ። አንዳንዱ ወድዶ ሄደ፤ አንዳንዱ ተገድዶ ተጫነ፤ ባል ከሚስቱ፣ እናትም ከልጅዋ የተለየችበት ጊዜ ነበረ። ኮረምም ሰው ከተጫነባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነበረ።

ስደተኛን ስለ ማስታወስ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ አጠገብ ኤንጅል አይላንድ፣ ማለት የመልአክ ደሴት፣ የምትባል ደሴት አለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1910 እስከ 1940 ከቻይናና ከሌላም የእስያ አገር የሚመጡ ስደተኞች የሚመረመሩበት ቤት ነበረባት። ብዙዎችም ለሳምንታትና ለወራት ታግተው ሳለ፣ ኀዘናቸውን ግጥም አድርገው በእንጨቱ ግድግዳ ላይ ቀረጹት። ኋላም ቤቱ ሊፈርስ በታሰበ ጊዜ፣ በ1970 አንድ የደሴቲቱ ጠባቂ ጽሑፉን አይቶ ስላስታወቀ፣ የስደተኞቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ተነሥተው ስለ ቤቱ ተከራከሩ። ቤቱም ተጠብቆ የታሪክ መታሰቢያ ሆነ።

የእነዚያን ኀዘን ግድግዳ ጠበቀላቸው። የኮረም ድንኳን ግን ጽሑፍ ሳይዝ ተነቀለ፤ ነገሩም በሽማግሌዎችና በባልቴቶች አፍ ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረው ዛሬ ከ70 ዓመት አልፏል። ያለፈውን መከራ ማንሣት ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ካህን ለሙት ሲጸልይ አስቀድሞ ስሙን ይጠይቃል።

ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ይናገሩ፣ ካህናትም በመዝገብ ይጻፉ ብዬ እለምናለሁ፤ ይኸውም የሄደውን ሰው ስመ ክርስትናና መጠሪያ፣ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ መንደሩን፣ የሄደበትን ዓመትና የደረሰበትን አገር ነው። ረኀቡ ሃይማኖት አልለየምና የሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ስም አብሮ ይጻፍ። የሞተው ክርስቲያን በጸሎተ ፍትሐት ይታሰብ፤ በሕይወት ያለውም ሰው ልጆቹ አንድ ቀን ሲመጡ የአያታቸውን ስም ያገኙ ዘንድ፣ መዝገቡ በደብሩ ዕቃ ቤት ይጠበቅ።

ሰዎቹ ሊመለሱ ባይቻላቸው እንኳ፣ በዚህ ኢዮቤልዩ ስማቸው ወደ ርስቱ ይመለስ። እግዚአብሔር የሞቱትን ነፍስ ይማርልን፤ ያሉትንም ይጠብቅልን፤ አሜን።